በር ሰባሪው ጀግና

ሕንዳዊው የታሚል ቋንቋ ፊልሞች ዳይሬክተር በሃያ ዓመት አሥራ አራት ፊልም ሠርቷል፤ የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው፦ በር ተዘግቶበት የሚጮህ ሰውና በመጨረሻዋ ደቂቃ በሩን ሰብሮ የሚደርስለት ጀግና። ሌላ ልሞክር ባለ ቁጥር ፕሮዲውሰሮቹ “ሕዝቡ የለመደው ይህን ነው” ይሉታል።

ዛሬ ቼናይ ከተማ አዲሱ ፊልሙ ሲመረቅ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል የሲኒማ ቤቱ ሽንት ቤት ገባና በሩ አልከፈት አለው። አድናቂዎቹ እንደ ልማዳቸው ደጅ የለኮሱት የርችት ጭስ በመስኮቱ እየገባ ሞላበት፤ አስሙ ተነሳበት።

“ክፈቱልኝ፣ ታፈንኩ” እያለ በሩን ደበደበ።

“ሰው የተጣራ መሰለኝ” አለ ውጭ ያለ አንድ ጥበቃ።

“ፊልሙ ነው” አለው ጓደኛው። “የሰውዬውን ሥራ አታውቀውም እንዴ? ትንሽ ጠብቅ፣ በሩን ሰብረው ያወጡታል።”