የኮረብታው ነፋስ

ሾፌሩ እንሂድ እያለ ጥሩምባ ይነፋል። መሐንዲሱ ግን ኮረብታው ላይ ቆሞ የዓመቱን የነፋስ ልኬት ለሦስተኛ ጊዜ ያገላብጣል። ሚኒስቴሩ ከሰዓት በኋላ ፊርማውን ይጠብቃል። ነፋሱ አስተማማኝ ነው ብሎ ከፈረመ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫው እዚህ ይተከላል፤ ከተሳሳተ ደግሞ አገር ለማይዞር ብረት ሃያ ዓመት ሙሉ ዕዳ ስትከፍል ትኖራለች።

"ይፈርሙና ይገላግሉን እንጂ ኢንጂነር!" አሉ የመለኪያው ዘበኛ ጋሽ ሽታሁን። "የእኛ ነፋስ እኮ እንደ ከተማ መብራት ሄድ መጣ አይልም።"

ከኋላቸው የተሰበሰበው የመንደሩ ሰው ሳቀ። መንደሩ መብራት ገብቶለት አያውቅም።

ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው። በመሰላል በሚወጣበት ምሰሶ ጫፍ ላይ ያሉት፣ ነፋስ የሚያዞራቸው ትንንሽ ኩባያዎች ክረምት ከበጋ በኃይል ሲሽከረከሩ ከርመዋል። መሐንዲሱን እረፍት የነሱት ጥቂት ቀናት ናቸው። በየወሩ በ12፣ በ21 እና በ29 ነፋሱ ጸጥ ይላል።

"ጋሽ ሽታሁን፣ በ12 መለኪያው ለምን ቆመ?"

ዘበኛው ቅር ብሏቸው አማተቡ።

"በሚካኤል? ምን ነካዎት ኢንጂነር፣ በሚካኤል ማን ወጥቶ ያሽከረክራል!"