ድምፅዎን አገኘሁልዎት

«ድምፅዎን አገኘሁልዎት!» አለች ኢብሲቱ፣ የቪዲዮ ካሴቱን ከጃኬቷ ኪስ እያወጣች። ጫማዋ ላይ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም። አሜሪካ፣ ሜፕልዉድ ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ የምትንከባከባቸው ጀርመናዊት ተዋናይ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ወዲህ መናገር አይችሉም። ትንሿ ነጭ ሰሌዳቸው ላይ በየቀኑ «ድምፄን አንድ ጊዜ ብሰማው» ብለው ይጽፉ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ዲቪዲ ስለዞረ፣ ኢብሲቱ ከሥራ ኦፍ በሆነች ቁጥር የድሮ ፊልማቸውን ካሴት ፍለጋ ያሮጌ ዕቃ መሸጫዎችን ስታስስ ከርማለች።

ካሴቱን ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው። አሮጊቷ በሃያ ስድስት ዓመታቸው የተጫወቷት ሙሽራ በባቡር መስኮት ብቅ አለች። ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ፊት አዘነበሉ። ሙሽራዋ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን እንግሊዝኛ ነበር። ፊልሙ ለአሜሪካ ሲሸጥ የእሳቸው ድምፅ ወጥቶ የሌላ ሴት ድምፅ ገብቶበታል። ቀጭን፣ የማያውቁት ድምፅ።

«ጀርመንኛ ይሆንብኛል ብዬ ፈርቼ ነበርኮ፤ ሁሉም ገባኝ!» የኢብሲቱ ዓይን እንባ አቀረረ። «ድምፅዎ እንዴት ያምራል፣ እማማ!»

አሮጊቷ ሰሌዳውን አነሱ። ማርከሩን ከፈቱ፤ የልጅቷን ፊት አዩና መልሰው ከደኑት። ከዚያ በሪሞቱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅ እያደረጉ አጠፉት። ሙሽራዋ ያለ ድምፅ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ፣ እሳቸውም በራሳቸው ቋንቋ አብረዋት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር።

ኢብሲቱ በስህተት የነኩት መስሏት ሪሞቱን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችላቸው።