የተቀነሰው መጨረሻ

ደራሲው ፊልሙ ወደሚቀረጽበት ክፍል ሲገቡ ሳጥኑን አዩና በሩ ላይ ቆሙ። «ይሄን ከየት አመጣችሁት?»

«ከምናለሽ ተራ፣ ጋሼ» አለች ዳይሬክተሯ። «አዲስ ለማሠራት በጀታችን አልቻለም። ደግሞ ቀንቶን፣ ክዳኑ ላይ ልክ እንደጻፉት ካውያ ያቃጠለው ምልክት አለ።»

ተዋናይቷ ስምረት እየሳቀች ሳጥኑ ውስጥ ገባች። ምትሃተኛውን የሚጫወተው ሰውዬ ክዳኑን ዘጋ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ካሜራው ይቆማል፣ ልጅቷ ትወጣለች፣ ከዚያ ባዶውን ሳጥን ይቀርጹታል።

«አስወጧት» አሉ ደራሲው።

«አሁን ትወጣለች፣ አይጨነቁ» አለች ዳይሬክተሯ። « ታሪክዎን አልነካነውም። የቀነስነው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ ምትሃተኛው የሰወራት ልጅ ከተመልካቹ መሃል ተመልሳ ብቅ የምትልበትን። አዳራሽ ሙሉ ሰው ከየት እናመጣለን?»

ካሜራው ቆመ። ሰውዬው ክዳኑን ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ አየና እጁን ሰዶ የሳጥኑን ወለል ዳበሰ።

«ስምረት፣ ቀልዱ ይብቃ» አለች ዳይሬክተሯ፣ ከመጋረጃው ኋላ እየፈለገቻት።

ደራሲው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«ታሪኩ ውስጥ የተሰወረችው ልጅ እህቴ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ የፈጠርኩት መጨረሻውን ብቻ ነው።»