በር ከፋቹ

ሮዝሊን ታዝማኒያ የመጣችው፣ ከመጀመሪያዎቹ ነጭ ሰፋሪዎች አንዱ የነበረው ምንጅላቷ የት እንደተቀበረ ልታጣራ ነው። ርስቱን የያዘው ሽማግሌ ዘመዷ ክሌም ግን ከጠዋት ጀምሮ ነገር ያድበሰብስባታል። አሁንም ፒካፑ ውስጥ በር ዳር ያለውን ወንበር ባዶ ትቶ መሀል አጣቦ አስቀምጧታል።

«መሬት ልትካፈለኝ መጣች ብለው ነው አይደል መቃብሩን የሚደብቁኝ?»

«መቃብር የለውም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

የበጎቹ አጥር በር ጋ ሲደርሱ ክሌም መኪናውን አቆመ።

«ልውረድና ልክፈት?»

«ተይ፣ እዚህ አገር በር የሚከፍተው ዳር የተቀመጠው ነው።»

ከጎኗ የመኪናው በር ተከፈተ። ከፊታቸው የአጥሩ ሰንሰለት ተፈታና በሩ ወለል አለ። ክሌም አሳልፎ አቆመና ጠበቀ። ከኋላቸው ሰንሰለቱ ተመልሶ ታሰረ።

ባዶው ወንበር ሰርጎድ አለ።

«ጠጋ በይለት» አላት ክሌም።