ዓይን የማይፈራው አምባር

በኤፍራታ እጅ ላይ ያለው አምባር ሰው ስለ እሷ የሚያወራውን እየሰማ ኮሌጅ የመግባት ዕድሏን በመቶኛ ያሳያል። በእሷ ዘመን ፈተና የሚባል ነገር ቀርቶ ስመ ጥሮቹ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች የሚያምኑት አምባሩን ብቻ ነው። ችግሩ፣ አምባሩ የአበሻ እናት አያውቅም።

ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ መጡና "ልጅሽ ጎበዝ ናት አሉ!" አሉ።

የኤፍራታ እናት ክው አለች። "ኧረ የት አባቷ! ድንጋይ ናት እቴ!"

ሰባ የነበረው ቁጥር አርባ ላይ ዱብ አለ።

"እማዬ! አምስት ደቂቃ ነው የቀረኝ፣ ከዚያ አምባሩ ይዘጋል! በናትሽ አንዴ አመስግኚኝ!"

"በሰው ፊት? ዓይን እንዲበላሽ ነው?"

"የማን ዓይን?" አሉ እትዬ ዘርፌ ተቆጥተው። ቀጥለው ግን ለኤፍራታ አዘኑላትና ፊታቸውን በወንፊቱ ሸፈኑ። "ይኸው፣ አላይም። ተናገሪ!" የወንፊቱን ቀዳዳ ማንም ልብ አላለም።

እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ልጄ... ጎበዝ ናት።"

ቁጥሩ ዘጠና ሦስት ገባና አምባሩ ጢጢት ብሎ ተዘጋ። ኤፍራታ እልል ልትል ስትል እናቷ ቀጠለች።

"በአራት ዓመቷ ፊደል ቆጠረች። ያመመኝ ጊዜ ገንፎ አገነፋችልኝ፤ ጓጉሎ ነበር፣ ግን ጨረስኩት..."

"እማዬ፣ ተዘጋ እኮ! ከእንግዲህ አይሰማም።"

"እሱ ምን አገባው! አንቺ አርፈሽ ተቀመጪና ስሚ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የያዝኩት ነው!"