የችሎቱ ዋዜማ

ሻምበሉ በክራንች እየተደገፈ በየእሁዱ ወደ ወታደራዊው እስር ቤት ይመጣል። የሚጠይቀው ወታደር እጁን የሰጠ ምርኮኛ ገድለሃል ተብሎ ተከሷል። ጓዶቹ ስሙን ማንሳት እንኳ ሲፈሩ፣ ጠበቃ ያቆመለትም ደብዳቤውን ለእናቱ የሚያደርስለትም ሻምበሉ ነው።

ዛሬ ግን የችሎቱ ዋዜማ ነበርና ወታደሩ የመጣለትን ምሳ መንካት አቃተው።

«ሻምበል፣ ነገ ይፈርዱብኛል» አለ ሳህኑን ወደ ጎን እየገፋ። «እናቴ በቁሟ ትሞታለች። እግርዎን የተመቱ ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሸክሜ ያወጣሁዎት እኔ አይደለሁም? እባክዎ ይድረሱልኝ!»

«እሱንም ለዳኞቹ እነግራቸዋለሁ። አንተ ባትኖር ዛሬ አፈር ነበርኩ።»

«ታዲያ ማን ነው የጠቆመብኝ?» ወታደሩ ማልቀስ ጀመረ። «ያን ሰው ሸለቆው ውስጥ ድንገት ሳገኘው በአካባቢው ሌላ ሰው አልነበረም። እርስዎም ቢሆኑ ጀርባዬ ላይ ራስዎን ስተው ነበር።»

ሻምበሉ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የወታደሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«አልሳትኩም ነበር፣ ልጄ» አለው።