የወረደው መደርደሪያ

ለዘመድ አዝማድ ሁሉ በታላቅ አክብሮት እናሳውቃለን፤ የወጥ ቤታችን መደርደሪያ ከሰኞ ጀምሮ በአንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። ቁመትን ለሌላ ሰው መስጠት ከተፈቀደ ወዲህ እናቴ ለእኔ ቅርጫት ኳስ ስትል ቁመቷን እየሰጠችኝ አጥራ፣ የጨው ዕቃው ላይ መድረስ አቅቷት ነበር።

ማክሰኞ አሰልጣኜ ኮች ጌታሰው ቤታችን መጡ። «ለሐሙሱ የቡድን ምርጫ አራት ሴንቲ ይጎድላታል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ።

«ከእኔ ይወሰድ! ቁመት ምን ያደርግልኛል?» አለች እናቴ፣ በርጩማ ላይ ቆማ አምፖል እየቀየረች።

«እማዬ፣ ተይ! ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን ጭን ላይ ሊያስቀምጡሽ ነው» አልኩ።

ኮች በርጩማዋን አይተው ወጡ።

ረቡዕ ሜዳ ደረስኩ። «አራቱ ሴንቲ ተገኝቷል፤ ክሊኒክ ሂጂ» አሉኝ ኮች። አንዴ ብቻ ይታጠፍ የነበረው ሱሪያቸው ዛሬ ሦስቴ ታጥፏል።

«ኮች፣ ሱሪዎ…»

«ስለ ሱሪዬ አልናገርም። ሂጂ!»